የትንሽ አገር አምባሳደር፦ የሰር ሮናልድ ሳንደርስ የዲፕሎማሲ ጉዞና ያልተቋጨው የአንቲጓ ክስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2013 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ንግድ ድርጅት የክርክር መፍቻ አካል ያልተለመደ ፈቃድ ሰጠ። የሕዝቧ ብዛት ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሚያንሰው፣ የቆዳ ስፋቷም 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የካሪቢያኗ አንቲጓና ባርቡዳ በአሜሪካ ላይ በየዓመቱ እስከ 21 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የአጸፋ እርምጃ እንድትወስድ ተፈቀደላት። ፈቃዱ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ካሣ አልነበረም። አንቲጓ ለአሜሪካ የቅጂ መብት፣ የንግድ ምልክትና የፈጠራ ባለቤትነት የምትሰጠውን ጥበቃ በተባለው መጠን ልታነሣ ትችላለች የሚል ነበር። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አገሪቱ ፈቃዱን ሥራ ላይ አላዋለችውም፤ ከአሜሪካም ጋር የመጨረሻ ስምምነት ላይ አልደረሰችም።

ክሱ በ2003 ሲመሠረት የአገሪቱ ዋና የውጭ ጉዳይ ተወካይ የነበሩት ሰር ሮናልድ ሳንደርስ ናቸው። እኚሁ ዲፕሎማት በ2015 በዋሽንግተን የአንቲጓና ባርቡዳ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ፤ በአሜሪካ አገሮች ድርጅትም የአገሪቱ ቋሚ መልእክተኛ ሆኑ። ከአሥር ዓመት በኋላም፣ በ2025፣ በዚያው ኃላፊነት ላይ ነበሩ። የከሰሷት አገር ዋና ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ያንኑ ፋይል ሲያነሡና ሲጥሉ መኖር የዲፕሎማሲ ሥራ አስገራሚ ገጽታ ነው። የሳንደርስ የሥራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኛና ለኃላፊ የሚጠቅም ጥያቄም ያነሣል። ሠራዊት፣ ገበያና ገንዘብ የሌለው አገር በውጭ የሚወክለው ሰው በምን ይከራከራል? ክርክሩን ካሸነፈስ በኋላ ምን ያገኛል? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንደርስ የተወለዱት በ1948 በያኔዋ የብሪታንያ ጊያና ነው። በዲፕሎማትነት ያገለገሏት አገር ግን የትውልድ አገራቸው አይደለችም። ለካሪቢያን ሰው ይህ ብዙም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በቋንቋ፣ በሕግና በትምህርት አንድ የሆኑት እነዚህ ደሴቶች ባለሙያ መዋዋስን ለምደውታል፤ ከጊያና የተነሣ መምህር ባርቤዶስ ሲያስተምር፣ የትሪኒዳድ ዳኛ በግሬናዳ ሲያስችል ማንም ዘወር ብሎ አያይም። ከጊያና የወጡት ሰር ሽሪዳት ራምፋል ከ1975 እስከ 1990 የኮመንዌልዝ ዋና ጸሐፊ ሆነው መሥራታቸውም የሚታወስ ነው።

የሳንደርስ የመጀመሪያ ሙያ ጋዜጠኝነት ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጊያናን የመንግሥት ሬዲዮ በሥራ አስኪያጅነት መርተዋል፤ የካሪቢያን የብሮድካስት ማኅበርንም በፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። ይህን ያነሣነው ለሙያችን አድልተን ብቻ አይደለም። የተንዛዛ ጉዳይን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ለሰሚ የማስረዳት ልምድ በስብሰባ አዳራሽም ያገለግላል፤ ሳንደርስ በአምባሳደርነት ዘመናቸውም ለካሪቢያን ጋዜጦች በየሳምንቱ መጻፋቸውን አላቋረጡም።

አንቲጓና ባርቡዳ ነፃነቷን ያገኘችው ኖቬምበር 1 ቀን 1981 ነው። አዲሲቱ አገር ልትከፍታቸው የምትችለው ሚሲዮኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው በርካታ ባርኔጣ እንዲደፋ ግድ ሆነ። ሳንደርስ ከ1984 እስከ 1987 በለንደን ከፍተኛ ኮሚሽነር ሲሆኑ፣ በዚያው ጊዜ በዩኔስኮ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድም ተቀምጠዋል። ከዚያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተጋባዥ ተመራማሪነት ቆይተው በ1996 ወደ ለንደኑ ሥራቸው ተመለሱ፤ በዓለም ንግድ ድርጅትም አገሪቱን የወከሉት እርሳቸው ነበሩ። ከ1999 ጀምሮም በሚኒስትር ማዕረግ ዋና የውጭ ጉዳይ ተወካይ ተባሉ።

ይህ የመጨረሻው ሹመት የመጣው በመልካም ጊዜ አልነበረም። በኤፕሪል 1999 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ለባንኮቹ ማሳሰቢያ አወጣ። የአንቲጓ የገንዘብ ዝውውር ቁጥጥር ሕግ በቂ ስላልሆነ ከአገሪቱ ጋር የሚደረግ ማንኛውም የገንዘብ ልውውጥ በልዩ ጥንቃቄ እንዲመረመር የሚያዝ ነበር። ብሪታንያም ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደች። ቱሪዝምና የውጭ ገንዘብ አገልግሎት ዋነኛ መተዳደሪያዋ ለሆነ ደሴት የዚህ ዓይነቱ ማሳሰቢያ ከማዕቀብ ብዙ አይለይም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በጁን 2000 «ጎጂ የታክስ ውድድር» ያካሂዳሉ ያላቸውን 35 ግዛቶች ስም ይፋ አደረገ። አንቲጓና ባርቡዳ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች።

በዚህ ጊዜ የካሪቢያን ተደራዳሪዎች ያቀረቡት ክርክር ልብ ሊባል ይገባዋል። «እኛ ንጹሕ ነን» ከማለት ይልቅ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሱት። የድርጅቱ አባል የሆኑት ስዊዘርላንድና ሉክሰምበርግ የመርሐ ግብሩ መነሻ የነበረውን የ1998 ሪፖርት ሳይደግፉ በድምፀ ተአቅቦ አልፈዋል። እንግዲያውስ የባንክ ምስጢር መጠበቅ ለዙሪክ ተፈቅዶ ለሴንት ጆንስ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። በጃንዋሪ 2001 ባርቤዶስ ላይ ኮመንዌልዝና የበለጸጉት አገሮች ድርጅት በጋራ በጠሩት ስብሰባ ጉዳዩ ፊት ለፊት ቀረበ፤ ሳንደርስም ከዚያ በኋላ በተቋቋመው የጋራ የሥራ ቡድን ከተሳተፉት አንዱ ነበሩ። በሜይ 2001 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ፖል ኦኒል አገራቸው ለመርሐ ግብሩ የምትሰጠው ድጋፍ እንደገና እንደሚታይ ማስታወቃቸው ለደሴቶቹ ትንፋሽ ሰጠ። በዚሁ ዓመት በአንቲጓ ላይ ወጥቶ የነበረው ማሳሰቢያም ተነሣ፤ ለዚህም አገሪቱ ሕጎቿን ማሻሻሏ አስተዋጽኦ አድርጓል። በ2003 ሳንደርስ የካሪቢያን የገንዘብ ወንጀል መከላከያ ግብረ ኃይል ሊቀ መንበር ሆኑ። አገሩ በቁጥጥር ጉድለት የተከሰሰ ዲፕሎማት በአራት ዓመት ውስጥ የተቆጣጣሪው አካል ሰብሳቢ መሆኑ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከሳሾቹም ከንቱ አልነበሩም። በ2009 መቀመጫውን አንቲጓ ላይ ያደረገው የአሜሪካዊው ባለሀብት አለን ስታንፎርድ ባንክ ወደቀ። ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማጭበርበር ተጋልጦ ባለቤቱ በ2012 በቴክሳስ የ110 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በመርሕ ደረጃ «ለሁሉም እኩል ሜዳ ይሁን» ብሎ መከራከር ትክክል ነው፤ ይህ ክርክር ግን ከራስ ቤት ቁጥጥር ጋር አብሮ ካልሄደ ዲፕሎማቱ በውጭ የገነባውን በአገር ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል።

ወደ ዓለም ንግድ ድርጅቱ ክስ እንመለስ። በ1990ዎቹ አንቲጓ ለኢንተርኔት ውርርድ ኩባንያዎች ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ለዳኞቹ ባቀረበችው ማስረጃ መሠረት በ1999 ፈቃድ ያላቸው ኩባንያዎች እስከ 119 ደርሰው ወደ 3 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ሥራ ሰጥተው ነበር። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው። አሜሪካ ግን በ1961 ባወጣችው ሕግ ላይ ተመሥርታ በስልክና በመሰል መስመር የሚደረግ ውርርድን በወንጀል ትከስስ ጀመር፤ በ2000 ከአንቲጓ ሆኖ ይሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ የውርርድ ኩባንያ ኃላፊ ኒው ዮርክ ላይ ጥፋተኛ ተባለ። በ2003 የኩባንያዎቹ ቁጥር ወደ 28 ማሽቆልቆሉን፣ ሠራተኞቹም ከ500 በታች መሆናቸውን አንቲጓ ለዳኞቹ አስረድታለች።

የውርርድ ንግድ ሥነ ምግባራዊ ደረጃ ብዙዎቻችንን የሚያነጋግር ነው። በአገራችንም የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንደሩ መስፋፋታቸው ያስነሣው ክርክር ይታወቃል። ይሁንና ጄኔቫ ላይ የቀረበው ጥያቄ ውርርድ መልካም ነው ወይስ መጥፎ የሚል አልነበረም። አሜሪካ በ1990ዎቹ ድርድር ጊዜ የአገልግሎት ገበያዋን ስትከፍት በፈረመችው ሰንጠረዥ ላይ ምን ብላ ጻፈች የሚል ነበር።

በሰንጠረዡ ላይ «ሌሎች የመዝናኛ አገልግሎቶች፣ ከስፖርት በስተቀር» የሚል መስመር አለ። አሜሪካ ለዚህ መስመር ገበያዋን ያለ ገደብ ክፍት አድርጋለች። የአሜሪካ ጠበቆች «ስፖርት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት ፍቺው ቁማርንም ይጨምራል፤ ስለዚህ በ«በስተቀር» ታግዷል ሲሉ ተከራከሩ። አንቲጓ በበኩሏ ሰንጠረዡ የተዘጋጀበት የድርጅቱ የአገልግሎት ምደባ ከተባበሩት መንግሥታት የምርት ምደባ ጋር ሲነበብ ቁማርና ውርርድ ከመዝናኛ ሥር እንጂ ከስፖርት ሥር አይመደብም አለች። የመጀመሪያው የዳኞች ጉባዔ በኖቬምበር 2004፣ ይግባኝ ሰሚው አካል ደግሞ ኤፕሪል 7 ቀን 2005 በዚህ ነጥብ ላይ ከአንቲጓ ጋር ተስማሙ። አሜሪካ ቁማርን ለመክፈት አስባ አልነበረም ይሆናል፤ ነገር ግን የፈረመችው ሰነድ እንደዚያ ይላል።

ይግባኝ ሰሚው አካል በዚህ ብቻ አላቆመም። አንድ አገር የሕዝብን ሥነ ምግባር ለመጠበቅ ሲል ከገባው ግዴታ ሊያፈነግጥ እንደሚችል ስምምነቱ ይፈቅዳል። አሜሪካም ሕጎቿ ለዚህ ዓላማ አስፈላጊ መሆናቸውን ለማሳየት ችላለች ተባለ። የተረታችው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የፈረስ እሽቅድምድምን የሚመለከተው የፌዴራል ሕጓ በክፍለ ግዛቶች መካከል በርቀት መወራረድን ለአገር ውስጥ ኩባንያዎች የሚፈቅድ መስሎ ታየ። ለራሱ ዜጋ የፈቀደውን ለውጭ ሰው በሥነ ምግባር ስም መከልከል አድልዎ ነው የሚል ትርጉም ያለው ውሳኔ ነበር።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ያስገባችው በዚያው በ2003 ነው፤ በጃንዋሪ። አንቲጓ ክሷን በማርች ስትመሠርት የእኛ ጉዳይ የሚታይበት የሥራ ቡድን ገና አንድ ወሩ ነበር። ድርድሩ ለዓመታት ተጓትቶ በቅርብ ዓመታት እንደገና ሲንቀሳቀስ፣ ተደራዳሪዎቻችን በአገልግሎት ዘርፍ የሚያቀርቡት ሰንጠረዥ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቃል ነገ በሌላ አገር ጠበቃ እጅ ሊገባ እንደሚችል ይህ ክስ ያሳያል። በንግድ ሚኒስቴርም ሆነ በሕግ ክፍሎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የ2005ቱን ውሳኔ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይሆንም። የዓለም ትልቁ የድርድር ቡድን በሁለት ቃል የተያዘበት ሰነድ ነው።

የክሱ ቀሪ ታሪክ ግን የሚያስደስት አይደለም። አሜሪካ ውሳኔውን አልፈጸመችም፤ በማርች 2007 የአፈጻጸም ጉባዔው ይህንኑ አረጋገጠ። በሜይ 2007 ዋሽንግተን ቁማርን ከሰንጠረዧ ለማውጣት የሚያስችላትን ሥነ ሥርዓት መጠቀም እንደጀመረች አስታወቀች። ይህን ለማድረግ ለተጎዱ አባል አገሮች ሌላ ገበያ በምትኩ መስጠት ያስፈልጋታልና በዲሴምበር 2007 ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከካናዳ ጋር ተስማማች። ክሱን የመሠረተችው አንቲጓ ግን ከስምምነቱ ውጭ ቀረች። በዚያው ወር፣ ዲሴምበር 21፣ የግልግል ዳኞች የጉዳቱን መጠን ወሰኑ። አንቲጓ በዓመት 3 ቢሊዮን 443 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ነበር፤ አሜሪካ ደግሞ ጉዳቱ ከ500 ሺህ ዶላር አይበልጥም ብላለች። ዳኞቹ የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድን ገበያ ብቻ መነሻ አድርገው 21 ሚሊዮን አሉ።

አንቲጓ ፈቃዱን ለምን አልተጠቀመችበትም? ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም። ከአሜሪካ በሚመጣ ቱሪስት፣ በአሜሪካ ባንኮች በኩል በሚያልፍ ክፍያና ከአሜሪካ በሚገባ ሸቀጥ የምትኖር ደሴት በሆሊዉድ ፊልሞች ላይ የቅጂ መብት ብታነሣ ማን ይበልጥ ይጎዳል? የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ጽሕፈት ቤትም በ2013 እርምጃው በመንግሥት የተፈቀደ የሥራ ዘረፋ እንደሚሆን አስጠንቅቆ ነበር። ፍርዱ የተሰጠው ለመደራደሪያ እንጂ ለመፈጸሚያ አይመስልም። ድርድሩም ከመንግሥት ወደ መንግሥት፣ ከአንድ አስተዳደር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባ አንድ ነጥብ አለ። በማርች 2004 በአንቲጓ ምርጫ ተካሂዶ የሌስተር በርድ መንግሥት ተሸነፈ፤ ሳንደርስም ከኃላፊነታቸው ተሰናበቱ። ክሱ ግን አልቆመም። የይግባኙ ውሳኔ፣ የአፈጻጸም ጉባዔው፣ የ2007ቱ ግልግልና የ2013ቱ ፈቃድ ሁሉ የተገኙት በባልድዊን ስፔንሰር መንግሥት ዘመን ነው። ተቃዋሚ የነበረው ፓርቲ ተቃዋሚው የጀመረውን ፋይል ወስዶ ዘጠኝ ዓመት ተከራከረበት። መሥሪያ ቤቱ አነስተኛ በሆነ አገር፣ አለቃ ሲለወጥ ፋይል አብሮ የሚጠፋበትን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሳንደርስ ከመንግሥት ሥራ ውጭ በቆዩባቸው ዓመታት ትልቁ ተሳትፏቸው በኮመንዌልዝ የታዋቂ ሰዎች ቡድን ውስጥ ነበር። በቀድሞው የማሌዥያ ጠቅላይ ሚኒስትር አብዱላ ባዳዊ የተመራው ይህ ቡድን ማኅበሩን ለማደስ 106 ምክረ ሐሳቦችን በኦክቶበር 2011 ፐርዝ ላይ ለመሪዎቹ ጉባዔ አቀረበ። ሰነዱን በማዘጋጀት ረገድ የሳንደርስ ድርሻ ከፍተኛ ነበር። በ2013 የተፈረመው የኮመንዌልዝ ቻርተር ከምክረ ሐሳቦቹ የተገኘ ነው። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር ይሾም የሚለው ግን በአባላቱ ተቃውሞ ሳይሳካ ቀረ።

በ2015 ማልታ ላይ በተካሄደው የኮመንዌልዝ ዋና ጸሐፊ ምርጫ ሳንደርስ በአንቲጓ ዕጩነት ተወዳደሩ። ተራው የካሪቢያን ነው ተብሎ ቢታመንም ካሪቢያን ራሷ ተከፈለች። ዶሚኒካ ባሮነስ ፓትሪሺያ ስኮትላንድን አቀረበች፤ ከቦትስዋና ደግሞ ሌላ ዕጩ ቀረቡ። ኖቬምበር 27 ቀን ፓትሪሺያ ስኮትላንድ ተመረጡ። የሽንፈቱ ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ዕጩ ላይ ሊስማማ ያልቻለ አካባቢ የመደራደር አቅሙን እንደሚቀንስ ግን ግልጽ ነበር። ይህን ከአሥር ዓመት በኋላ ከሆነው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በማርች 2025 የሱሪናሙ አልበርት ራምዲን ያለ ተፎካካሪ የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ፤ ከካሪኮም አገሮች ለዚህ ቦታ የበቁ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ያን ጊዜ አሥራ አራቱ የካሪኮም አገሮች ድምፃቸውን አንድ አድርገው ነበር።

በዚህ ድርጅት ውስጥ አሥራ አራት ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከቬኔዙዌላ ጉዳይ በተሻለ የሚያሳይ የለም። በጁን 2017 ሜክሲኮ ካንኩን ላይ በካራካስ መንግሥት ላይ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ 20 ድምፅ ቢያገኝም ለሁለት ሦስተኛ የሚያስፈልገውን 23 አላገኘም፤ ከካሪቢያን የመጡት ድምፀ ተአቅቦዎችና ተቃውሞዎች ሚዛኑን ለወጡት። ኤፕሪል 9 ቀን 2019 ደግሞ የድርጅቱ ቋሚ ምክር ቤት የተቃዋሚው መሪ ሁዋን ጓይዶ የላኩትን ተወካይ በ18 ድጋፍ፣ በ9 ተቃውሞና በ6 ድምፀ ተአቅቦ ተቀበለ። አንቲጓ ከዘጠኙ ተቃዋሚዎች አንዷ ነበረች። አምባሳደር ሳንደርስ ያነሡት ክርክር ስለ ማዱሮ መንግሥት መልካምነት አልነበረም። ለአንድ መንግሥት እውቅና መስጠት የእያንዳንዱ አገር ሥልጣን ነው፤ ቋሚ ምክር ቤቱ ይህን በተራ የድምፅ ብልጫ የሚወስንበት አንቀጽ በድርጅቱ ቻርተር ውስጥ የለም የሚል ነበር። ጄኔቫ ላይ በሰንጠረዡ ላይ ያለውን ቃል እንደያዙ ሁሉ ዋሽንግተን ላይም የቻርተሩን ቃል ያዙ።

ይህን አቋም የነቀፉት ጥቂት አልነበሩም። ከ2005 ጀምሮ ቬኔዙዌላ በፔትሮካሪቤ ስምምነት ለደሴቶቹ በረጅም ጊዜ ብድር ነዳጅ ስታቀርብ መኖሯ ይታወቃልና የሕግ ክርክሩ የነዳጅ ውለታ መሸፈኛ ነው ያሉ ነበሩ። ነቀፌታው ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቀ አይመስለንም፤ ጥቅም የሌለበት የውጭ ፖሊሲ የለም። ነገር ግን የትንሽ አገር አምባሳደር ዛሬ በሌላው ላይ የተጣሰን ሥነ ሥርዓት ዝም ብሎ ካለፈ ነገ በራሱ አገር ላይ ሲጣስ የሚጠቅሰው አንቀጽ ያጣል። በማርች 2020 አንቲጓ የኢኳዶሯን ማሪያ ፈርናንዳ ኤስፒኖሳን ለዋና ጸሐፊነት አቅርባ 23 ለ10 መሸነፏም ሥነ ሥርዓትን መያዝ ሁልጊዜ ድምፅ እንደማያስገኝ አሳይቷል።

ከፖለቲካው ጎን ለጎን የአምባሳደሩ ጊዜ የሄደባቸው ሁለት ሌሎች ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው አሜሪካ ውስጥ ያሉ ባንኮች ከካሪቢያን ባንኮች ጋር ያላቸውን የክፍያ ግንኙነት ማቋረጣቸው ነው። ሁለተኛው ከሴፕቴምበር 2017ቱ ኢርማ አውሎ ነፋስ በኋላ ገነነ። ባርቡዳ ከሞላ ጎደል ፈርሳ 1,800 የሚሆኑት ነዋሪዎቿ በሙሉ ወደ አንቲጓ ተወሰዱ። አገሪቱ ግን በነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከፍ ካሉት ስለምትመደብ በአነስተኛ ወለድ ብድር የማግኘት መብት አልነበራትም። ገቢን ብቻ ሳይሆን ተጋላጭነትን የሚለካ መስፈርት ይኑር የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ በየመድረኩ ተገፍቶ፣ የአንቲጓው ጠቅላይ ሚኒስትር ጋስተን ብራውን በጋራ በመሩት ከፍተኛ ቡድን ተጠንቶ፣ በኦገስት 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ተቀበለው። አበዳሪዎች ይጠቀሙበት እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

አፍሪካና ካሪቢያን በዚህ ረገድ የሚጋሩት ብዙ ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው ሁለተኛው የአፍሪካና የካሪኮም መሪዎች ጉባዔ የልማት ገንዘብ አሰጣጥንና የአየር ንብረትን ጉዳይ ያነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ 54 ድምፆችና የካሪኮም 14 ድምፆች ተደምረው ከጉባዔው ሲሦ ይበልጣሉ።

አምባሳደሩ በ2025 መጨረሻ የገጠማቸው ፈተና ግን በድምፅም ሆነ በአንቀጽ የሚፈታ አልነበረም። በጁን 2025 የዜና ወኪሎች የአሜሪካ መንግሥት የመግቢያ ገደብ ሊጥልባቸው እያሰበ ነው ያሏቸውን 36 አገሮች ዝርዝር አወጡ። አንቲጓም ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ነበሩ። በዲሴምበር 16 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ባወጡት አዋጅ ኢትዮጵያ አልተካተተችም፤ አንቲጓና ባርቡዳ ግን ከፊል ገደብ ከተጣለባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት አገሪቱ በ2013 የጀመረችው፣ በመዋዕለ ንዋይ ለሚመጣ ሰው ነዋሪነትን ሳትጠይቅ ዜግነት የምትሰጥበት አሠራር ነው። የውርርድ ገቢው ሲደርቅ የመንግሥት ካዝና ከተደገፈባቸው ምንጮች አንዱ ይኸው ነበር።

ቪዛ የሉዓላዊ መንግሥት ሥልጣን በመሆኑ ክስ የሚቀርብበት ሸንጎ፣ ይግባኝ የሚባልበት አካልም ሆነ የሚጠቀስ ሰንጠረዥ የለውም። ለአምባሳደሩ የቀረው ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱና ከአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴሩ ባለሥልጣናት ጋር መነጋገር፣ የዜግነት ሕጉ እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ማስረዳትና አስቀድሞ የተሰጠ ቪዛ ያላቸው ዜጎች ያለ እክል እንዲገቡ ማድረግ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2021 ወጪን ለመቀነስ በርካታ ኤምባሲዎቹን እንደሚዘጋ ባስታወቀበት ጊዜ «አምባሳደር ከርቀት ሆኖ ሊሠራ ይችላል» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ እንደነበር ይታወሳል። አንዳንዱን ሥራ በርግጥ ከርቀት መሥራት ይቻላል። እንዲህ ያለው ግን ባለሥልጣኑን ለዓመታት የሚያውቅ፣ ቀጠሮ ሲጠይቅ የማይጉላላ ሰው ይፈልጋል። ገደቡ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲጸና የታዘዘ ሲሆን፣ የአገሮቹ ሁኔታ በየ180 ቀኑ እየተመረመረ ለፕሬዚዳንቱ ሪፖርት እንደሚቀርብ በአዋጁ ተደንግጓል።